ጠፈር ላይ መታጠፍ ለምን ውድ ሆነ?

የምህዋር ትምህርቴ ከፍታ መቀየርን አልፎ አቅጣጫ መቀየር ላይ ደርሷል። እዚህ ጋ ቁጥሮቹ ድንገት ጣሪያ ነኩ። ስለዚህ አንድ ምሳሌ ይዤ ትንሽ ልቆይበት።

ምሳሌዬ ሀብል ቴሌስኮፕና ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ናቸው። ጣቢያው 400፣ ሀብል ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይዞራሉ። ልዩነታቸው የከፍታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ፍጥነትን በሰከንድ 56 ሜትር ገደማ መቀየር ይበቃ ነበር። በሰከንድ 7.6 ኪሎ ሜትር ለሚከንፍ ነገር ይህ ኢምንት ነው።

ጣጣው ያለው ዘንበል ማለታቸው ላይ ነው። የሀብል ምህዋር ከምድር ወገብ 28.5 ዲግሪ ያዘነብላል፤ የጣቢያው 51.6። ልዩነቱ ቢያንስ 23.1 ዲግሪ ነው። ቢያንስ ያልኩት ሁለቱ ምድር ወገብን የሚያቋርጡበት ቦታ ካልገጠመ ማዕዘኑ ከዚህም ስለሚሰፋ ነው። ቀመሩ አጭር ነው፦ የፍጥነቱን እጥፍ በማዕዘኑ ግማሽ ሳይን ማባዛት። 2 × 7.6 × ሳይን 11.55 ስትመቱት በሰከንድ 3.04 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከ56 ሜትሩ ከ50 እጥፍ በላይ! 60 ዲግሪ ብታስገቡማ መልሱ ራሱ 7.6 ነው። ከዜሮ ተነስቶ ምህዋር ፍጥነት ላይ እንደመድረስ ማለት ነው።

ባጃጅ ሲታጠፍ ጎማው አስፋልቱን ይገፋል፤ መንገዱ አቅጣጫውን ያዞርለታል። ጠፈር ላይ የሚገፋ መንገድ የለም። በድሮው አቅጣጫ ያለው ፍጥነት በሞተር መሰረዝ አለበት፤ አዲሱም በሞተር መገንባት አለበት። በጣም የገረመኝ ደግሞ ያ ሁሉ ነዳጅ ነዶ ፍጥነቱ እዚያው 7.6 ላይ መሆኑ ነው።

ነዳጁ ስንት ነው? ጋዝ በሰከንድ 3.1 ኪሎ ሜትር የሚተፋ ሞተር ብንይዝ፣ ለዚህች መታጠፊያ ከመነሻው ክብደት 62 በመቶው ነዳጅ መሆን አለበት። ከ10 ቶን 6.2 ቶን ማለት ነው። ነዳጁን ለመሸከምም ሌላ ነዳጅ ስለሚያስፈልግ ማዕዘኑ ሲጨምር ነገሩ እየባሰ ይሄዳል።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። በ2009 (እንደ አውሮፓውያን) መንኮራኩሯ አትላንቲስ ሀብልን ለመጠገን ስትሄድ፣ ብትጎዳ ጠፈርተኞቹ ጣቢያው ላይ መጠለል አይችሉም ነበር። በምህዋር ላይ ለመንቀሳቀስ የነበራት አቅም በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ለዚህም ነው ናሳ ሌላዋን መንኮራኩር ኢንዴቨርን ለነፍስ አድን ሌላ ማስወንጨፊያ ላይ አቁሞ የጠበቀው።

መላ ግን አለው። ቀመሩ ውስጥ ያለው ፍጥነት ስለሆነ፣ ቀርፋፋ በሆኑበት ቦታ መታጠፍ ነው። ከምድር በራቁ ቁጥር ፍጥነት ይቀንሳል። በታህሳስ 1997 (እንደ አውሮፓውያን) የተወነጨፈችው ሳተላይት ኤዢያሳት 3 ሮኬቷ ከሽፎ ከ51 ዲግሪ በላይ ባዘነበለ የተሳሳተ ምህዋር ላይ ቀርታ ነበር። ባለሙያዎች በ1998 እስከ ጨረቃ ልከው በጨረቃ ስበት አጠፏት፤ ዘንበሏም ከ10 ዲግሪ በታች ወረደ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የነዳጅ ቁጠባ የለም።

ቀጥሎ የማየው ምድር ወገቧ ላይ በመወፈሯ ምህዋርን ያለ ነዳጅ ቀስ በቀስ እንዴት እንደምታዞር ነው። በኤክሴል የሞከራችሁት ካላችሁ ወዲህ በሉት።