ሰዓቱ በፈረንጅ ነው

የሁዳዴ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው ነገሩ የሆነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ምግብ ቤት የፔጁን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ። ፎቶ አነሳለሁ፣ ከሥሩ ሁለት ቃል ጣል አደርጋለሁ፣ "ዋጋው ስንት ነው?" ለሚለው ሁሉ "ኢንቦክስ ይመልከቱ" እላለሁ። ሰው ሲበዛ ሒሳብም እቀበላለሁ።

የማነሳው ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የምሳ ሰው አልመጣም፣ ፀሐይዋ በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት ሰተት ብላ ትገባለች። በያይነቱን ከሰዓት በኋላ ብታነሳው ሙት ነው። ጠዋት ግን ስልጆው ያብረቀርቃል፣ ከሽሮው የሚወጣው እንፋሎት ሳይቀር ይታያል። ይቺን የጠዋት ብርሃን ያዙልኝ።

ባለቤቱ "ባዶ ሰሃን ማን ያያል? ሰው አስገባበት" የሚል አመል አለው። የራሱ ፕሮፋይል ላይ ያለው ፎቶ ግን የአንበሳ ነው።

እኔም ሰው አስገባሁ። አንዲት እናት ጥግ ላይ ተቀምጠው ሽሮ ፈሰስ ይበሉ ነበር። በጎን በኩል አነሳኋቸው። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ እንጀራውን ጠቅለል አድርገው ወደ አፋቸው ሲሉ። አስፈቅጄ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላስፈቀድኩም። ፈገግ ብዬ አየኋቸው፣ እሳቸውም ያዩኝ መሰለኝ፣ ለእኔ ፈቃድ ማለት እሱ ነበር። "የእናት እጅ ጣዕም" ብዬ ለቀቅኩት። በስድስት ወር ውስጥ እንደሱ ላይክ ያገኘ ፎቶ አልነበረንም።

ወደ ማታ አንድ ሰው ከሥሩ "ምግቡስ ግሩም ነው፣ ለመሆኑ ከኋላ ያለው ሰዓት ስንት ይላል?" ብሎ ጻፈ።

ሄጄ አየሁት። ከራሳቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አራት ከአርባ።

ለጎንደር ሰው ይኼን ለማስረዳት ቃል ማባከን አያስፈልገኝም። ሽሮው የጾም ነው፣ ማንም አይከስሳቸውም። ግን ሁዳዴ ነው፣ ነጠላ ያጣፉ እናት ናቸው፣ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ገና ነው። አንዱ ፎቶውን ቆርጦ ሰዓቱን በቀይ ከበበው። ስንት ጎረቤት፣ ስንት የማኅበር ሰው እንደሚያውቃቸው በዚያች ማታ ነው ያየሁት። "እሳቸው ናቸው እንዴ?" "ኧረ አይሆንም!" "ነጠላውን አላያችሁትም?" ጥሩ ልብ ያለው አንድ ልጅ "ሰዓቱ የቆመ ይሆናል" አለ። እፎይ ልል ስል ባለቤቱ ከቤቱ ሆኖ በፔጁ ስም መለሰ፤ "ድርጅታችን የቆመ ሰዓት አይሰቅልም።"

ከዚያ በኋላ ፖስቱን አጠፋሁት። ማጥፋት የሚባለው ነገር ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ቀይ ክቡ ያለበት ስክሪንሹት ቴሌግራም ላይ መዞር ጀምሯል፣ አሁን ደግሞ "ለምን አጠፉት?" የሚል ተጨመረበት።

ሌሊቱን አልተኛሁም ማለት ይቻላል። ትዝ ያለችኝ አያቴ ናት። ልጅ ሆኜ ደንቢያ ለክረምት ስንሄድ፣ ትኩስ እንጀራ በቅቤና በድልህ ትፈተፍትልኝና ልክ መጉረስ ስጀምር ነጠላዋን ራሴ ላይ ጣል ታደርግብኛለች። እንግዳ ካለማ ከእግር እስከ ራስ ነው የምትሸፍነኝ። "ዓይን ይወድቅብሃል" ትላለች። ነጠላው ውስጥ የጭስና የቅቤ ሽታ አለ፣ ብርሃኑ በክሩ መሃል ነጠብጣብ ሆኖ ይገባል፣ የጎረስኩት ድምፅ ለራሴ ብቻ ይሰማኛል። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። የድሮ ነገሥታትም ሲበሉ በመጋረጃ ይከለሉ ነበር። ሲበላ የሚጋረድ አገር ውስጥ ሰው ሲጎርስ እያነሳሁ ነው እንጀራዬን የምበላው። አያቴ ሥራዬን ብታውቅ ስልኬን ጠላ ጋን ውስጥ ትከተው ነበር።

ጠዋት ስገባ ባለቤቱ "ማን ሰው አስገባበት አለህ?" አለኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበለው።

ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር የሚቀመጥ አንድ ጠበቃ ደንበኛ አለን። ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ማኪያቶውን እያማሰለ "የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 27 አንብበሃል? የሰው ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ አይለጠፍም" አለኝ። ባለቤቱ ከካሸሩ ኋላ ሆኖ "እሱ እኮ የጃንሆይ ጊዜ ሕግ ነው፣ በ1952 የወጣ። ያኔ ፌስቡክ የት ነበር?" አለ። ጠበቃው ቀና ሳይል "ፎቶ ግን ነበረ" አለው። ቀጥሎም በ2016 ስለወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ስለ ቁጥር 1321፣ የጤና መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው እንደሚመደብ ሲያወራ፣ እኔ በልቤ "የጤናን ምን አመጣው?" ብዬ ነበር።

መላ ያመጣችው አንዷ አስተናጋጅ ናት። ጠረጴዛ እየወለወለች "ሰዓቱ በፈረንጅ ነው በሏቸዋ!" አለች። ሁላችንም ዞረን አየናት። አስቡት። አራት ከአርባ በፈረንጅ ከሰዓት ከሆነ፣ በእኛ አሥር ከአርባ ነው። ዘጠኝ አልፏል ማለት ነው! ባለቤቱ ስልኩን አነሳና "ክቡራን ደንበኞቻችን፣ የግድግዳ ሰዓታችን ለውጭ ጎብኚዎች ምቾት ሲባል በፈረንጆች አቆጣጠር የተሞላ መሆኑን እንገልጻለን" ብሎ ለጠፈ። የውጭ ጎብኚ ደጃችንን ከረገጠ ስንት ጊዜው! ግን ሠራ። ከሰዓት በኋላ ሰዉ ራሱን ይወቅስ ጀመር። "እናትየውን ይቅርታ ጠይቁ" የሚል ሁሉ መጣ። ባለቤቱ ሦስት ቀን ሙሉ "እንደዚያ ባልል ኖሮ" እያለ ሲያወራ ሰማሁት። ሐሳቡ የማን እንደነበር እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል።

ለነገሩ ፎቶውን በደንብ ያየው ሰው አልነበረም። የውኃ ጆጉ ጥላ ወደ ምዕራብ ተጋድሟል። አሥር ሰዓት ላይ እንደዚያ አይጋደምም። እኔ ብቻ አየሁት፣ ዝም አልኩ።

ሰዓቱንም ወንበር ላይ ወጥቼ ወደ ፈረንጅ አዞርኩት። ውሸቱ እውነት ይምሰል ብለን ነዋ።

በሳምንቱ እሳቸው መጡ። ልቤ ዱብ አለ። ሰዓቱ ሥር ሄደው ተቀመጡና በጣታቸው ጠሩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ና እስቲ።"

"አቤት እትዬ።"

"ቁጭ በል።"

ቁጭ አልኩ። ከቦርሳቸው በመሃረብ የተጠቀለለ ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። "ይኼን ታውቀዋለህ?" አሉኝ። ኢንሱሊን ነው። አያቴም ትወጋ ነበር።

"ይኼን ወግቼ ካልበላሁ እወድቃለሁ። ከወደቅሁ ደግሞ አገር ያውቃል። አንድ የንስሐ አባት አሉኝ፣ እሳቸው ብዪ ብለውኛል። እኔና እሳቸው ነበርን የምናውቀው። አንተ አራት ሺህ የንስሐ አባት አመጣህብኝ።"

አራት ሺህ የፔጃችን ተከታይ ቁጥር ነው። እንዴት እንዳወቁት አልጠየቅኩም።

"ይቅርታ እትዬ፣ አጥፍቼዋለሁ። ደግሞ ሰዓቱ በፈረንጅ ነው ብለን አስተካክለነዋል" አልኩ። ይቺን የጨመርኩት እንዲያመሰግኑኝ ነበር።

ሳቁ። የደስ ደስ ሳቅ ግን አይደለም።

"እሱን ነው ልነግርህ የመጣሁት። ልጄ ውጭ አገር ናት። ያንን ቀይ ክብ ልከውላት ደወለችልኝ። 'እማዬ፣ ምነው ጾም ሻርሽ?' አለችኝ። ስኳር ይዞኛል ከምላት ብዬ 'ሰነፍኩ ልጄ፣ አረጀሁ' አልኳት። አዘነች ግን አመነችኝ። በማግሥቱ እናንተ 'ሰዓቱ በፈረንጅ ነው' አላችሁ። መልሳ ደወለች። 'ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ከበላሽ ሻርኩ ያልሽኝ ለምንድን ነው? ምን ደብቀሽኝ ነው?' ብላ አፋጠጠችኝ። በመጨረሻ ነገርኳት። ይኸው ስታለቅስ ሰነበተች።"

የምለው ጠፋኝ። የጠበቃው የጤና መረጃ ያኔ ነው የገባኝ። እኔ የለጠፍኩት እኮ ሽሮ ነበር።

"ለምን ደበቁት ግን?" አልኩ፣ ባልል ይሻለኝ ነበር። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ አዲስ አበባ ድረስ የሚልኩ ሰው መሆናቸውን ያን ቀን ነው የሰማሁት። "ታማሚ ናት ከተባለ ማን ሽሮ ያዝዘኛል? 'እትዬ ይረፉ' ብለው ነው የሚገድሉኝ። የሻርኩ እንደሆነ እግዜር ይቅር ይለኛል። ሰው ግን አንዴ ካዘነልህ አይለቅህም" አሉኝ።

አስተናጋጇ መጥታ ቆመች። የዋለ ቁጣ የለባቸውም፣ ብልቃጡን በመሃረቡ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኔ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ኪሴ ውስጥ ደበቅኩት። አዩኝና "እሱን አሁን ነው የምትደብቀው?" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አስፈቅዳለሁ። አብዛኛው ሰው እሺ ይላል፣ አይሆንም የሚለኝም አለ፣ ያኔ ባለቤቱ ይኮሳተርብኛል። ይኼንን ስጽፍም ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። "ስሜን እንዳትጠራ፣ ፊቴን እንዳታሳይ። ሽሮዬን ግን አሞግስልኝ" ብለዋል። ቀምሼዋለሁ፣ ከእኛ ቤቱ ይበልጣል። ይኼን ባለቤቱ ቢያነብም ያንብበው።

ሰዓቱ እስከ ዛሬ በፈረንጅ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ግራ ገብቶታል፣ አንድ ቀን ማታ ገቢው ልጅ ስድስት ሰዓት አርፍዶ "ሰዓታችሁ ነው" ብሎ ተከራክሯል።

እሳቸውም በዚያው በለመዱት ጊዜ ይመጣሉ። ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ገብተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ።

"አሥር ከአርባ" አሉ ጮክ ብለው፣ እኔን እያዩ። "ዘጠኝ አልፏል። በሉ ሽሮዬን አምጡልኝ።"