መኪናዬ የሰፈር ትራንስፎርመር ስትሆን

ድሬዳዋ በግንቦት መብራት ሲጠፋ ከሁሉ በፊት የሚያስለቅሰው ቬንቲሌተሩ ነው። ክንፎቹ እየተንቀራፈፉ ሲቆሙ ሰፈራችን ሳቢያን በሙሉ በአንድ ድምፅ «ኡፍ!» ይላል። ከዚያ ፍራሽ ተሸክሞ ወደ ግቢ መውጣት ነው።

ያን ምሽት እኔ ፍራሽ አልተሸከምኩም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ የገዛኋት የኤሌክትሪክ መኪና ደጅ ቆማለች። አብሯት የመጣ አንድ ገመድም አለ፤ አንዱ ጫፉ ቻርጅ በምታደርግበት ቀዳዳ ይሰካል፣ ሌላው ጫፉ ተራ ሶኬት ነው። በጃፓን የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች ቤታቸውን ከመኪናቸው ባትሪ የሚያበሩበት መሣሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ለገበያ ቀርቧል። ጃፓን የቻለችውን ሳቢያን ምን ያቅታታል?

ባለቤቴ «ለምን ቆጣሪው ላይ አትቀጥለውም? ቤቱ ሁሉ ይብራ» አለች። ኮስተር ብዬ፣ ከመንገዱ መስመር ሳይለዩ እንዲያ ማድረግ ኃይሉ ወደ ውጭ ተመልሶ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ እንደሚገድል አስረዳኋት። ማከፋፈያውን በመስኮት አስገባሁ። ፍሪጁ አጉረምርሞ ተነሣ፣ ቬንቲሌተሩ ዞረ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በጨለማ ሰፈር አንድ መስኮት ሲበራ ያየ ጎረቤት ግን አይተኛም። መጀመሪያ ሐጂ መጡ፣ የስኳር መድኃኒታቸውን ይዘው። «ልጄ፣ ይህች ከሞቀች እኔም አበቃልኝ» ሲሉ ማን እምቢ ይላል? ከመድኃኒቱ ኋላ አንድ ጀሪካን የግመል ወተት ተከተለ፤ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ መጣ። በመጨረሻ ጎረምሶቹ ኳስ ሊያዩ ሳሎኑን ሞሉት።

በዚህ ጊዜ ንግግር አደረግሁ። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ቬንቲሌተሩና አምፖሉ ተደምረው ግማሽ ኪሎዋት አይሞሉም፤ አምስት ቀን ያኖረናል። ገመዱ ግን በአንድ ጊዜ ከ3.3 ኪሎዋት በላይ አይሰጥምና ምጣድ ክልክል ነው! ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አማቴ ብቻ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ወደ ማድ ቤት ገቡ። ሊጡ ኩፍ ብሏል፤ በዚህ ሙቀት ካደረ ሆምጣጤ ነው።

አጥቂው ለፍጹም ቅጣት ምት ኳሷን አስተካክሎ፣ ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ መንደርደር ሲጀምር፣ ድርግም!

አንዱ «ባትሪው ሊፈነዳ ነው!» ብሎ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ ሮጠ። ሌላው «ገባ? ገባ?» እያለ ጨለማውን ይጠይቃል። መኪናዋ ጭነት ሲበዛባት ራሷን ለመጠበቅ ኃይሉን ቆርጣ ነበር። ጥፋተኛውን የደረስንበት በአፍንጫችን ነው፤ ከማድ ቤት የማሰሻ ጎመንዘር ይሸታል።

አማቴ በስልክ ብርሃን አክንባሎውን ከፍተው እያዩ ነበር። እንጀራው ዳር ዳሩን ዐይን አውጥቷል፣ መሀሉ ገና ሊጥ ነው።

«ይህች መኪናህ አንድ እንጀራ ማብሰል ካቃታት፣ በደንገጎ ዳገት ሐረር ልታደርሰን ነበር?»

ዳገት ስትወጣ ሞተሯ ከባትሪው በቀጥታ እንደሚወስድ፣ እዚህ የጠበበው ገመዱ እንደሆነ፣ ምጣዱ ብቻውን ከገመዱ አቅም በላይ እንደሚፈልግ ላስረዳ ሞከርሁ። ሐጂ በጥሞና አዳምጠው «እንግዲያው ግማሹን ምጣድ ጋግሩበት» አሉ። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ።

ሲነጋ መብራቱ አልመጣም። ከዚራ ሥራ አለብኝና ቁልፌን ይዤ ወጣሁ። መኪናዬ የፍጥኝ ታስራለች፤ ገመዱ እንደተሰካ አትንቀሳቀስም። አማቴ ገመዱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«የሐጂን መድኃኒት ነቅለህ ነፍስ ልታጠፋ ነው? በባጃጅ ሂድ!»

በባጃጅ ሄድኩ። ሾፌሩ እስከ ከዚራ ድረስ ስለ ቤንዚን ሰልፍ ሲያማርር ቆይቶ በመስታወቱ አየኝ።

«የተገላገሉትስ የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ናቸው» አለኝ።

«እውነትህን ነው» አልሁት፣ ላቤን እየጠረግሁ።