ጀጎል ውስጥ ያንኳኳነው ግድግዳ

ሐረር ላይ ስለ ቅርስ በተሰበሰብንበት ጉባኤ መርሐ ግብር ላይ «የከተማ ጉብኝት» ተብሎ የተጻፈው በመዝጊያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያውም በአውቶቡስ ነበር። ጀጎልን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ መጀመሪያ የሚጠይቀው አውቶቡሱ በየት በኩል ይገባል ብሎ ነው። በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር ከሐረር በር ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ከሚወስደው ዋና መንገድና ከጥቂት ሌሎች በስተቀር መኪና አያስገባም። የቀረው ሁሉ ኡጋ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ክንዱ ግድግዳ የሚታከክበት፣ የተጫነች አህያ ስትመጣ ጥግ ይዘው የሚያሳልፉበት ቀጭን መንገድ።

አብራን የምትሰበሰብ የሐረር ልጅ የሆነች አርክቴክት ነበረች። ማታ እራት ላይ፣ «በአውቶቡስ የምታዩት አጥሩን ነው። ነገ ስብሰባው ሳይጀመር በእግር እንግባ፤ ሌሊት ከዘነበ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው» አለችን። ዝናቡ ለምን እንደሚጠቅመን ግን አልነገረችንም።

እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ የምሠራው ሕንፃ ጥገና ላይ ነው። ወደ ሐረር ስሄድ አዲስ አበባ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፋይል ትቼ ነበር፤ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ባለ አንድ ፎቅ የድሮ ቤት ጥገና። ሰነዱ እኔ ከመረከቤ በፊት የተዘጋጀ ነው። ቢል ኦፍ ኳንቲቲው (የሥራና የዋጋ ዝርዝሩ) እንደሚለው ነባሩ ልስን ከውስጥም ከውጭም ተፍቆ ይነሳና ግድግዳው በሙሉ በሲሚንቶ ይለሰናል። ዋጋው ተሞልቷል፣ ኮንትራክተሩም ለመግባት እየጠበቀ ነው። አንድ ነገር ቅር ቢለኝም ምን እንደሆነ ለይቼ ለአለቃዬ የማስረዳበት መረጃ በእጄ አልነበረም።

ሌሊቱን ዘነበ። ማለዳ በሐረር በር ገባን። ይህ በር ከአምስቱ ጥንታውያን በሮች በኋላ የተከፈተ ነው። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር የሚባሉት ግን ከግንቡ ጋር የኖሩ ናቸው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው ይባላል፤ አረንጓዴ ጉልላት ያለው መቃብራቸው እስከ ዛሬ እዚያው ከተማው ውስጥ አለ። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 አድባራት (የሙስሊም ቅዱሳን መታሰቢያ ቦታዎች) እንዳሉት ጠቅሷል። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ ግን ያ ሁሉ መስጊድና ቤት እንዴት ተጠጋግቶ እንደቆመ የገባኝ እግሬ ኡጋው ውስጥ ሲገባ ነው።

ከፈረስ መጋላ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ አድርገን ወረድን። ልብስ ሰፊዎቹ ገና ሱቃቸውን እየከፈቱ፣ ማሽኖቻቸውን ደጅ እያወጡ ነበር፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከነዚህ የስፌት መኪናዎች ግርግር ነው። ጊድር መጋላ የሚባለው ገበያ ደርሰን ወደ ኤረር በር አቅጣጫ ስንታጠፍ አርክቴክቷ ቆመችና፣ «ከዚህ ጀምሮ ቀና ብላችሁ አትዩ፤ የግድግዳውን ግርጌ እዩ» አለች።

ያለችውን አደረግን። በኖራ የተቀቡት አሮጌ ግድግዳዎች ከታች ትንሽ ጠቆር ብለው ነበር፤ ፀሐይ ስታገኛቸው ግን እያየናቸው እየነጡ ሄዱ። በሲሚንቶ የተለሰኑት ሌላ ናቸው። እስከ ጉልበት ድረስ ጥቁር የእርጥበት መስመር ይዘዋል፤ ከመስመሩ በላይ ደግሞ ሲነኩት የሚራገፍ ነጭ ዱቄት የሚመስል ጨው ወጥቷል። አንዳንዱ ቦታ ልስኑ አብጧል። ከአጠገቡ ያለው ቤት በዚያው ዝናብ ተመትቶ፣ በዚያው አፈር ላይ ቆሞ ደህና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ከመሬት ውኃ ይስባል፤ ይህን ማስቀረት አይቻልም። ኖራ ወይም ጭቃ ከተለሰነ የሳበው ውኃ በፊቱ በኩል ተንኖ ይወጣል። ሲሚንቶ ግን ድፍን ነውና መውጫውን ይዘጋበታል። ውኃው ሌላ መንገድ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወይም ወደ ቤቱ ውስጥ ይዞራል። በዚህ ላይ ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ ግድግዳው ትንሽ ሲነቃነቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፣ የገባው ግን መውጫ የለውም። ይህን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢበዛ አንድ ገጽ ተምሬው ይሆናል። የምንማረው በአብዛኛው አዲስ ሕንፃ መሥራት ነው፤ ያለውን ስለመጠበቅ የሚነገረን በጣም ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

አርክቴክቷ የምታውቃቸው አንዲት እናት ቤት ወሰደችን። ከውጭ ሲያዩት መስኮት የሌለው ግድግዳና አንድ በር ብቻ ነው፤ በሩ ሲከፈት ግን ሰፊ ግቢ አለ። ሁለቱ በጌይ ሲናን፣ በሐረሪ ቋንቋ፣ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ እናትየው ወደ እኔ ዞረው «አንተ፣ ጫማህን አውልቅና ግባ» አሉኝ። ሐረር አንቱታ አያበዛም፤ «አንተ» ሲባሉ እንደ ቤት ልጅ ተቆጥረዋል ማለት ነው። ነደባው ላይ ተቀመጥን። የሐረሪ ቤት ሳሎን እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፣ በሩን ፊት ለፊት የሚያየው አሚር ነደባም የአባወራው ቦታ ነው። ወለሉና መደቡ ቀይ ነው። ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ላለቁት መታሰቢያ እንደሆነ ይነገራል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳህን ተሰቅሎበታል። ከቡና ገለባ በወተት የተፈላ ሆጃ ቀረበልን።

የሄድንበት ጉዳይ ግን በስተጀርባ ያለው ክፍል ነበር። ልጃቸው ከሳውዲ ገንዘብ ልኮ አንዱን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለስኖላቸዋል። ልጁ እናቱ በየዓመቱ በዓል ሲቃረብ ኖራ ከመቀባት እንዲያርፉ ብሎ ነው ያደረገው፤ ያንን ሐሳብ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ግን ክፍሉ መሽተት ጀመረ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ፍራሽም ሻገተ። ያን ጠዋት ግንበኛ ጠርተው ሊያስፈርሱት ነበር።

እናትየው በጣታቸው አንጓ ግድግዳውን አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ሰጠ። ዞር ብለው ሌላውን፣ እሳቸው ራሳቸው ኖራ የሚቀቡትን አንኳኩ፤ እሱ ድፍን ነው። «ስማ» አሉኝ፣ «ግድግዳ እንደ ሰው ያልበዋል። ላቡን ካፈንክበት ይታመማል።»

ግንበኛው በመዶሻው ጀርባ ሁለት ሦስቴ መታ ሲያደርገው ልስኑ እንደ ሰሌዳ ተገንጥሎ ወረደ። ጀርባው ላይ የድንጋዩ ፊት ተላጦ ተጣብቋል። ከኋላው ያለው ጭቃ ረጥቦ ለጥፏል፤ ጣቴን ብሰድበት እስከ አንጓዬ ገባ። ድንጋዮቹን የያዘ ነገር ስላልነበረ አንዱን በእጄ ነቀነቅኩትና ወጣ። ግንበኛው ቶሎ ብሎ፣ «ተው አቦ፣ ጣራው እኮ ላዩ ላይ ነው» አለኝ። መልሼ ቦታው አስገባሁት። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባው ፋይል ከአእምሮዬ አልወጣም። እዚያም ግድግዳው ላይ ፎቅ አለ።

ከመውጣታችን በፊት አርክቴክቷ ደጃፉን አሳየችን። ኡጋው ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲነጠፍ ኖሮ መንገዱ ከቤቱ ወለል በላይ ሆኗል፤ ለመግባት ወደ ታች ይወረዳል። ስለዚህ የመንገዱ ውኃ የሚጠራቀመው ግድግዳው ግርጌ ነው። ልስኑ ቢቀየር እንኳ ይህ ካልተስተካከለ ችግሩ በግማሽ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ነገር ከፎቶም ከካርታም አያገኙትም።

ወደ አዳራሹ ስንመለስ ሁለተኛው ጽሑፍ እየቀረበ ነበር። አቅራቢው ስለ ታሪካዊ ቤቶች ጥገና እየተናገሩ ስክሪኑ ላይ «ዘላቂ ልስን» በሚል ርዕስ ሥር አንድ ለሦስት የሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ አሳዩ። እጄን አውጥቼ ጠዋት ያየነውን ተናገርኩ። ከስልኬ ላይ የተገነጠለውን ልስን፣ የረጠበውን ጭቃና የደረቀውን የኖራ ግድግዳ ፎቶ አሳየሁ። ክርክሩ ሞቀ። ደስ ያለኝ ማንም ነገሩን የክብር ጉዳይ ሳያደርገው መቅረቱ ነው፤ አቅራቢውም በሻይ ሰዓት ፎቶዎቹን እንድልክላቸው ጠየቁኝ።

የዕለቱን ትልቅ ጥያቄ ያነሳው ግን አንድ ኮንትራክተር ነው። «እሺ ኖራ ይሁን። የሚያቦካልኝን ከየት አመጣለሁ? ሲሚንቶ በየሱቁ አለ፣ ማንኛውም ለሳኝ ያውቀዋል፣ በማግሥቱ ይደርቃል። ኖራ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ የእኔ ውል ደግሞ የቀን ቅጣት አለው» አለ። እውነቱን ነው። ኖራ ተጠፍቶ፣ ማለትም በውኃ ተቦክቶ፣ ከዚያም በውኃ ተሸፍኖ በጉድጓድ መቆየት አለበት፤ በቆየ ቁጥር ይሻላል። በስሱ፣ ደረብ ደረብ እየተደረገ ይለሰናል፤ እያንዳንዱ ድርብ ከፀሐይ ተጠልሎ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ ይቆያል። የሚጠነክረው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ በመሆኑ ማጣደፍ አይቻልም። ሰዎች ሲሚንቶ የሚመርጡት ቅርሳቸውን ስለናቁ አይደለም። ገበያው፣ ውሉና የባለሙያው እጅ ሁሉም ለሲሚንቶ የተመቻቸ ስለሆነ ነው። ስለ ቅርስ ስንሰበሰብ ይህን ዘለን ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም እያልን የምንደመድመውን ነገር እኔ አልቀበለውም።

አርክቴክቷ የመለሰችለት በጎንደር ነው። የፋሲል ግቢ አብያተ መንግሥታት በኖራ የተገነቡ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ፤ በኋላ ያ ጥገና እየተነሳ እንደገና በኖራ መተካት ነበረበት። «ሁለት ጊዜ ከመክፈል አንድ ጊዜ መቆየት ይሻላል» አለችው። ኮንትራክተሩ አልተከራከረም፤ ግን «እንግዲያው ውሉን የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ፤ ቀኑን እናንተ ጨምሩ» አለ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይህችን የእሱን ቃል ነው።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ፋይሉን ይዤ አለቃዬ ጋ ገባሁና ከሁሉ በፊት ቤቱን አብረን በእግር እንድንዞረው ለመንኩት። ሥራ በዝቶበት ነበር፤ ዝናብ ባባራበት አንድ ቀን ግን መጣ። ግርጌውን እያየን፣ በመዶሻ እጀታ እያንኳኳን ዞርነው። ከዚህ በፊት በሲሚንቶ የተጠገኑት ቦታዎች በሙሉ ባዶ ድምፅ ሰጡ። በስተጀርባ በኩል የግቢው አፈር ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ ተቆልሏል። ከሁሉ የገረመን አሸንዳው ነው፤ አንዱ መገጣጠሚያ ተላቅቆ የጣራውን ውኃ በሙሉ አንድ ማዕዘን ላይ ያፈሰዋል። ሰነዱ «በመሠረት መስመጥ የተሰነጠቀ» ያለው ማዕዘን ይኸው ነው።

አለቃዬ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ባለቤቱን ምን እንለዋለን? ዋጋው እኮ ጸድቋል» አለ። ተቀምጠን አሰላነው። አፈሩን ዝቅ ማድረግና ውኃ መውረጃ ቦይ ማውጣት ርካሽ ነው። አሸንዳውን መቀየርም እንዲሁ። ግድግዳው ደርቆ እስኪታይ ድረስ የመሠረት ማጠናከሪያ የተባለውን ትልቅ ወጪ ማቆየት ይቻላል፤ ከዚያ የሚተርፈው የኖራውን ልስን የጉልበት ጭማሪ ይሸፍናል። የሚጨምረው ጊዜ ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ወስደን ግድግዳውን ራሱ እንዲያንኳኳ አደረግነው፤ እንደገና ሲነጋገር ድምፁ ሌላ ነበር። ሁሉንም አልተቀበለንም። በአንደኛው ክንፍ በኖራ እንድንሞክር፣ ሌላው ክረምቱ አልፎ ውጤቱ ከታየ በኋላ እንዲወሰን ተስማማን። ለኮንትራክተሩም የማድረቂያው ጊዜ በውሉ ላይ ተጨመረለት፤ ቅጣት አይቆጠርበትም።

አሁን በክፍላችን ለነባር ሕንፃ የሥራ ዝርዝር ከመዘጋጀቱ በፊት መሐንዲሱና ግንበኛው አብረው፣ ከተቻለ በዘነበ ማግሥት፣ ሕንፃውን በእግር ዞረው ያንኳኳሉ። ባዶ የሰጠው ቦታ በጠመኔ ይከበብና ፎቶው ከዝርዝሩ ጋር ይያያዛል። ሳይት ላይ የኖራው ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ ኖራውም ተጠፍቶ ገብቷል። በዕድሜ የገፉ፣ በወጣትነታቸው በኖራ የለሰኑ አንድ ባለሙያ አግኝተን ሁለት ወጣት ለሳኞች ከሳቸው ሥር አድርገናል። ወጣቶቹ ድርቡን ማሳሳት እስካሁን ይቸግራቸዋል፤ እጃቸው የለመደው የሲሚንቶውን ውፍረት ነው። እሳቸው ግን ወፍራሙን እየፋቁ ያስደግሟቸዋል።