መጀመሪያ እግር ነው የሰማው

ዘ ስፔሻልስ የሚባለውን የእንግሊዝ ባንድ አልበም መጀመሪያ የሰማሁት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ግጥሙን ልብ አላልኩትም፣ እግሬ ግን ሳላዝዘው ምት መምታት ጀምሯል። ቤት ገብቼ ነው ቃላቱን በደንብ ያዳመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ይኼ አልበም ከጆሮዬ አልወጣም።

ባንዱ የእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ ባንድ ነው፣ አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ስካ የሚባለውን የጃማይካ የዳንስ ሙዚቃ ፓንክ ከሚባለው የሮክ ጩኸት ጋር ቀላቅለውታል። ሽፋኑ ላይ የባንዱ ልጆች አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ላይ ያያሉ፣ ጥቁርም ነጭም አብረው። ዛሬ ይኼ ምንም ላይመስል ይችላል። ያኔ ግን ናሽናል ፍሮንት የሚባል ፓርቲ ጥቁሮችና እስያውያን ከአገር ይውጡ እያለ አደባባይ ይወጣ ነበር። ኮቨንትሪ ደግሞ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ሥራ ሲጠፋ ጥፋቱን መጤ ላይ መለጠፍ ይቀናል።

«ኤ ሜሴጅ ቱ ዩ ሩዲ» ሲጀምር ያለውን ትሮምቦን ስሙልኝ። ሊመክር የተነሳ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይመስላል። የሚነፋው ሪኮ ሮድሪጌዝ ነው። ጃማይካዊው ዘፋኝ ዳንዲ ሊቪንግስተን ዘፈኑን በ1967 መጀመሪያ ሲያወጣውም ትሮምቦኑን የነፋው እሱ ራሱ ነበር። ሪኮ ራስታ ነበር፣ የጃማይካዋ ኪንግስተን ውስጥ የአገራችንን ስም እየጠሩ ከሚዘምሩት ራስታዎች ጋር አብሮ የተጫወተ። ይኼን ካወቅኩ በኋላ ያ ድምፅ የዘመድ ድምፅ ሆነብኝ።

ለእኔ የአልበሙ ልብ ግን «ዳዝንት ሜክ ኢት ኦልራይት» ነው። ቀስ ያለ ዘፈን ነው። አንተ ጥቁር ስለሆንክ፣ እሱ ነጭ ስለሆነ ብቻ መጠላላት ልክ አይሆንም ይላል፣ በቃ። አንዳንዶቹ ዘፈኖች ሴቶችን የሚናገሩበት መንገድ ግን ዛሬም ይከነክነኛል፣ ዘልያቸው ነው የማልፈው።

ኮንሰርታቸው ላይ ጥቁር ለመደብደብ የሚፈልጉ ስኪንሄዶችም (ፀጉራቸውን የተላጩ ወጣቶች) ይመጡ ነበር። እዚያው ግን ጥቁርና ነጭ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው፣ በአንድ የጃማይካ ምት ይዘሉ ነበር። ጠብ ሲነሳ ባንዱ ሙዚቃውን ያቆማል። ስብከት ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ልጆች አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚገናኙ አይመስለኝም፣ እግራቸው ነው ያመጣቸው።

ዘረኝነቱ በአንድ አልበም አልጠፋም። በ1980 ጊታሪስቱ ሊንቫል ጎልዲንግ ራሱ በዘረኞች ክፉኛ ተደበደበ። በ1981 ክረምት የለንደኑን ብሪክስተን ሰፈርና ሊቨርፑልን ጨምሮ ብዙ ቦታዎች በሁከት ሲታመሱ፣ የባንዱ «ጎስት ታውን» የእንግሊዝ ቁጥር 1 ዘፈን ነበር። ያንን ሸክላ ገዝቶ በጀርባው የገለበጠ ሰው የሚያገኘው ሊንቫል ስለዚያ ድብደባ የጻፈውን ዘፈን ነው። ርዕሱ «ለምን?» ነው።