አውቶቡስ የተቆረጠባት ፊላደልፊያ

ፊላደልፊያ የሄድኩት የአክስቴን ልጅ እትዬን ልጠይቅ ነው። ዓይኗን ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። ግን በነሐሴ 2017 መጨረሻ መኪና ሳይኖረው እዚያ ከተማ የገባ ሰው ከአውቶቡስ ሌላ ወሬ አይሰማም፤ እኔም ወድጄ ሳይሆን ቀኔን ሁሉ በዚሁ ጉዳይ ላይ አሳለፍኩት።

ከዋሽንግተን በባቡር ሁለት ሰዓት ግድም ነው፤ መንገዱን በእንቅልፍ አሳለፍኩት። የ30ኛው መንገድ ጣቢያ ግን እንቅልፍ ያባርራል። አዳራሹ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የባቡር ሠራተኞች መታሰቢያ የቆመ ግዙፍ የነሐስ መልአክ አለ፤ አንድ ወታደር ከእሳት ውስጥ እያነሳ። ሻንጣዬን አስቀምጬ ቀና ብዬ ሳየው ቆየሁ። የባቡር ሠራተኞቹን እንደዚህ የሚያስታውስ አገር ለትራንስፖርት የሚሰጠው ክብር ትልቅ ነው ብዬ አሰብኩ።

ውጪ ስወጣ አንድ ሰውዬ ሻንጣዬን አይቶ ተጠጋኝና 47ኛው መንገድ ድረስ 35 ዶላር ጠየቀኝ። እንግዳ ስለሆንኩ ከፈልኩ። መንገዱ አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። እትዬ ስትሰማ ተቆጣች፦ «አንተ ልጅ፣ ትራሙ ከጣቢያው ሥር ያልፍ የለም እንዴ! በሁለት ብር ከሃምሳ እቤት ደጃፍ ያወርድህ ነበር።» እዚያ ያሉ የእኛ ሰዎች ዶላሩን ብር ነው የሚሉት። በነጋታው ትራሙን ተሳፈርኩበት፤ ከመሃል ከተማ ከመሬት በታች መጥቶ ምዕራብ ፊላደልፊያ ላይ ብቅ ይልና ባልቲሞር ጎዳና ላይ ከመኪናው ጋር እየተጋፋ ይሄዳል። ፉርጎዎቹ እ.ኤ.አ. በ1981 እና 82 የተሠሩ ናቸው፤ ያንገጫግጫሉ፣ ደረጃቸው ለአሮጊት ጉልበት ከባድ ነው፣ ግን ይመጣሉ። ሰፈሩን ወደድኩት። እንጀራው፣ ቡናው፣ ሰላምታው ሁሉ አለ።

እትዬ ከከተማው ወሰን ውጪ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። ሥራ የምትገባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ ከቤት የምትወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር፤ መጀመሪያ እስከ 69ኛው መንገድ ተርሚናል፣ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ መጦሪያው በር ድረስ። እሑድ ነሐሴ 18 ቀን የከተማዋና የአካባቢዋ የትራንስፖርት ድርጅት 32 የአውቶቡስ መስመሮችን ሙሉ በሙሉ ቆረጠ፤ 16 መስመሮች አጠሩ፣ የቀሩት ብዙዎቹም ምልልሳቸው ቀነሰ። ከተቆረጡት አንዷ የእትዬ ሁለተኛዋ አውቶቡስ ነበረች።

ሰኞ ጠዋት እንቅልፍ አልወስድ ስላለኝ አብሬያት ወጣሁ። ተርሚናሉ ውስጥ እሷ ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ሄደን ቆምን። መስመሩ መቆሙን ታውቃለች፣ ማስታወቂያውም ተለጥፏል፤ ግን ዓይኗ ካላየ አላምን አለች። የሥራ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ በብብቷ ይዛ፣ ሰዓቷን እያየች ቆመች። አጠገቧ ሌሎች ሦስት የመጦሪያ ሠራተኞች፣ ሁለቱ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ፣ ገንዘብ አዋጥተው አንድ መኪና በስልክ ለመጥራት ይነጋገሩ ነበር። እትዬም ገባች። በሰው ስምንት ዶላር ደረሰባቸው። ለአንድ ጉዞ ነው ይሄ፤ መመለሻው ለብቻው ነው፤ ነገም እንደዚያው ነው። በሰዓት 17 ዶላር ለምታገኝ ሴት በየቀኑ የአንድ ሰዓት ላቧ ለመንገድ ሄደ ማለት ነው።

እኔ ብቻዬን ስመለስ ደግሞ ሌላ ጉድ ገጠመኝ። ያ ሰኞ በፊላደልፊያ ትምህርት የሚጀመርበት ቀን ነበር። ትልልቆቹ ተማሪዎች የተለየ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የላቸውም፣ ካርድ ይሰጣቸውና ከሠራተኛው ጋር በከተማው አውቶቡስ ይሄዳሉ። ፌርማታው በአዲስ ቦርሳና በአዲስ ጫማ ተሞልቷል። የመጣችው አውቶቡስ በሰው ጢም ብላ፣ ሹፌሩ እጁን ወደ ኋላ እያመለከተ፣ ሳይቆም አለፈ። ሁለተኛውም እንደዚያው። አንዲት ልጅ በስልክ እናቷን «አላስገቡኝም» እያለች ስታለቅስ ሰማሁ።

አንዲት ጋሪ የምትገፋ ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። የኔ ልጅ፣ እዚህ ቆማችሁ አትሳፈሩም፣ ወደ ኋላ ሦስት ፌርማታ እንሂድ፣ ከመሙላቱ በፊት እንያዘው አሉ። ልጅቷንም ጠሩ። ጋሪያቸውን እኔ ገፋሁ፣ እሳቸው ከፊት ፊት እየሄዱ የቀሩት መስመሮች በየስንት ደቂቃው እንደሚመጡ ነገሩን። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እኔ መገናኛ ሠልፍ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሰልፉ አልነቃነቅ ሲል ወደ ኋላ ሄዶ መሳፈር የእኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ጥበብ ይመስለኝ ነበር። ሦስታችንም ገባን። እሳቸው ወንበር አገኙ፣ ልጅቷም ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር ደረሰች መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ማጠያየቅ ያዝኩ። የትራንስፖርት ድርጅቱ የዓመቱ በጀት 213 ሚሊዮን ዶላር ጎድሎት ነበር። በኮቪድ ጊዜ የፌዴራል መንግሥቱ የሰጠው ድጋፍ አልቋል፤ እሱን የሚተካ ገንዘብ ደግሞ ከፔንሲልቬንያ ግዛት ምክር ቤት መምጣት ነበረበት። የግዛቱ ዋና ከተማ ሃሪስበርግ ናት። አገረ ገዥው ጆሽ ሻፒሮ ከሽያጭ ታክስ ላይ ለትራንስፖርት የሚሄደው ድርሻ ከፍ ይበል ብሎ ነበር፤ ዴሞክራቶች የሚበዙበት የታችኛው ምክር ቤት ደጋግሞ አጸደቀው፣ ሪፐብሊካኖች የሚበዙበት ሴኔት ግን አልተቀበለውም። የገጠር ተወካዮች የፊላደልፊያን አውቶቡስ እኛ ለምን እንደጉም ይላሉ፤ ለመንገዳቸውና ለድልድያቸው ገንዘብ ይፈልጋሉ። የመንገዳቸው ችግር እውነት ነው፣ አልክድም። ግን የእትዬ አዛውንቶች ጠዋት ቁርሳቸውን የሚበሉት፣ ልብሳቸው የሚቀየረው፣ አውቶቡስ ተሳፍራ በምትመጣ ሴት እጅ ነው። ያንን የሚያይ ሰው ድጎማውን የከተሜዎች ምቾት ነው ብሎ ሊጠራው አይችልም።

በጣም ያበሳጨኝ ነሐሴ 29 የሆነው ነው። የከተማው የእግር ኳስ ቡድን (የነሱ፣ በእጅ የሚይዙት) የመክፈቻ ጨዋታ ነበረው። ለጨዋታ የሚመደቡት ተጨማሪ ባቡሮች ከቅነሳው ጋር ተሰርዘው ስለነበር፣ አንድ የስፖርት ውርርድ ኩባንያ 80 ሺህ ዶላር ገደማ ከፍሎ ባቡሮቹ እንዲመለሱ አደረገ። ደጋፊዎቹ በሰላም ሄደው በሰላም ተመለሱ፣ ደግ ነው። ግን ያን ምሽት እትዬ ከሥራ መልስ ግማሹን መንገድ በእግሯ መጥታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትነክር አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ለሷ መንገድ የሚከፍል ኩባንያ አልተገኘም፤ መገኘትም የለበትም፣ ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው።

በዚያው ሰሞን ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ዳኛዋ የተቆረጠው አገልግሎት እንዲመለስ አዘዙ። ድርጅቱም ግዛቱን አስፈቅዶ ከካፒታል በጀቱ እስከ 394 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሥራ ማስኬጃ አዞረ፤ ለሁለት ዓመት ያህል ያቆየናል ብለው። የዘመን መለወጫን በተቆረጠ አውቶቡስ አከበርን፣ ማለትም ቤት ዋልን። መስከረም 4 አውቶቡሶቹ ተመለሱ፣ ታሪፉም ከ2 ዶላር ከ50 ወደ 2 ዶላር ከ90 ወጣ። ሰፈሩ ተደሰተ። እትዬም ተደሰተች።

እኔ ግን በሙሉ ልቤ መደሰት አልቻልኩም። የካፒታል በጀት ማለት ያረጀ አውቶቡስ የሚተካበት፣ ሐዲድ የሚጠገንበት፣ መለዋወጫ የሚገዛበት ገንዘብ ነው። እሱ ለሹፌር ደመወዝና ለነዳጅ ሲውል ምን እንደሚከተል አዲስ አበባ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀላል ባቡራችን በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከአያት ጦር ኃይሎች እየተሳፈርኩ ሥራ የደረስኩበት ጊዜ በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ጊዜያት አንዱ ነው። ታሪፉ ለሕዝቡ ይቅለል ተብሎ ዝቅ ያለ ነበር፣ ትክክልም ነበር፣ ግን ለጥገናው የሚሆን ገንዘብና የውጭ ምንዛሪ አብሮ አልተመደበም። ባቡሮቹ መለዋወጫ አጥተው አንድ በአንድ ከመስመር ወጡ። ቅነሳውን ያወጀ ማንም የለም፤ ጣቢያው ላይ የምንቆምበት ደቂቃ ብቻ እየረዘመ ሄደ። ይሄን ለእትዬና ለጎረቤቶቿ ቡና ላይ ነገርኳቸው። አንዱ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ፣ ኤርትራዊ ጋሼ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና «ፉርጎዎቹ እኮ ከኔ የሥራ ዘመን ይበልጣሉ» አሉኝ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ዜናውን መከታተል አላቆምኩም። ከተማዋን ከዳር አካባቢዎቿ ጋር ከሚያገናኙት ባቡሮች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት በ2025 አምስት ጊዜ እሳት ተነስቶባቸው ስለነበር፣ ከመስከረም 21 ጀምሮ የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች ሁሉም እንዲፈተሹ አዘዙ። ምርመራው ባቡር አሳጠረ፣ ብዙ ጉዞ ተሰረዘ። በኅዳር መጀመሪያ የግዛቱ በጀት ከአራት ወር በላይ ዘግይቶ ሲፈረም ለትራንስፖርት አዲስ ቋሚ ገንዘብ አልተካተተበትም። ትንሽ ቆይቶ አገረ ገዥው ለጥገና የሚሆን 220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለቀቁ። ይሄኛው ቢያንስ ለትክክለኛው ቦታ ነው የሄደው።

እትዬን ባለፈው ስደውልላት አውቶቡሷ በሰዓቷ እየመጣች እንደሆነ ነገረችኝ። ቢሆንም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪና መንዳት መማር ጀምራለች። ለምን ስላት፣ «ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያሉት» አለችኝ። እኔ ደግሞ ታክስ የምትከፍይ ሰው ነሽና ለተወካይሽ ደውዪ፣ ጻፊላቸው አልኳት። ቁጥሩን ፈልጌ ልኬላታለሁ።