አሳንሰር የሌለው አራተኛ ፎቅ

ስቶክሆልም ውስጥ ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ መርዳት ስለሆነ የሰው እጅ አብዝቼ አያለሁ። ሶደርማልም በሚባለው የከተማዋ ደሴት የምረዳቸው አንዲት እናት የመገጣጠሚያ ቁርጥማት አለባቸው። አንጓቸው አብጧል፤ ጣቶቻቸው ንፋስ እንደመታው ሣር ወደ አንድ ወገን ዘምመዋል። የቡና ሲኒ የሚያነሡት በሁለት መዳፋቸው መሐል አጣብቀው ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ጠዋት የሹራባቸውን ቁልፍ እየቆለፍኩላቸው ሳለ ከሬዲዮው ከባድ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ «ተዪው» አሉኝ። «ይህን የጻፈው ሰውዬ እጁ እንደ እኔ ነበር።»

የአላን ፔተርሶን ሰባተኛ ሲምፎኒ ነበር፤ ሲምፎኒ ለትልቅ ኦርኬስትራ የሚጻፍ ረጅም ሙዚቃ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ የሙዚቃ ደራሲ ያገኘሁትን ሳነብ፣ ሥራዎቹንም በየአውቶቡሱ ሳዳምጥ ከረምኩ።

የተወለደው በ1911 እ.ኤ.አ. ኡፕላንድ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው፤ ያደገው ግን እዚሁ እኔ በየቀኑ በምመላለስበት ሶደርማልም። ዛሬ የቤት ዋጋው የማይቀመሰው ይህ ሰፈር ያኔ የድሆች መንደር ነበር። አባቱ አንጥረኛ፣ ሰካራምና ኃይለኛ ሰው፤ እናቱ መዝሙር ከአፏ የማይለይ ሃይማኖተኛ። ቤታቸው መስኮቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ምድር ቤት ነበር። ልጁ የገና ካርድ እያዞረ ሸጦ ባገኛት ገንዘብ የመጀመሪያውን ቫዮሊን ገዛ።

ኮንሰርቫቶሪ በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ከተማረ በኋላ በስቶክሆልም ኦርኬስትራ ውስጥ አሥር ዓመት ያህል ቪዮላ ተጫወተ። ቪዮላ ከቫዮሊን ተለቅ፣ ድምፁም ወፈር ያለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዜማ አይመራም፣ ከመሐል ሆኖ ይደግፋል። ፔተርሶን መሐል ተቀምጦ ዙሪያውን ሲያዳምጥ የኖረ ሰው መሆኑ ሙዚቃው ውስጥ ይታወቀኛል። በ1951 ፓሪስ ሄዶ ከሙዚቃ ደራሲዎቹ ከአርተር ሆነገርና ከሬኔ ሌይቦዊትዝ ዘንድ የሙዚቃ ድርሰት ተማረ። ቁርጥማቱ የያዘው በእነዚያው ዓመታት ነው። ቪዮላው ቀረ፤ የቀረው መጻፍ ብቻ ሆነ።

የኦርኬስትራ ኖታ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበርና ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ገልጬ አየሁት። ከዋሽንቱ ጀምሮ እስከ ወፍራሙ ባስ ድረስ ሃያ ያህል መስመር ተደራርቧል፤ እያንዳንዷ ጥቁር ነጥብ በአንድ ሰው እጅ የተቀመጠች ናት። ሰባተኛው ሲምፎኒ ሳይቋረጥ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ ዘጠነኛው ከአንድ ሰዓት ይበልጣል። እኔ አንዲት ፊርማ ለማኖር ላብ የሚያጠምቃቸውን እናት ዕለት ዕለት የማይ ሰው ነኝ። ያንን ገጽ ሳይ እንባዬ መጣ።

ፔተርሶን ለብዙ ዓመታት የኖረበት ባስቱጋታን የተባለው መንገድ ከሥራ መስመሬ ሩቅ አይደለም። መኖሪያው አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አሳንሰር የለውም። እኔ ጤነኛዋ እንኳ እንዲህ ያለውን ደረጃ በቀን ስንት ጊዜ ወጥቼ ስወርድ ጉልበቴ ይናገራል። መገጣጠሚያው ለተቆለፈ ሰው ያ ደረጃ የእስር ቤት በር ነው። በ1970 በኩላሊት በሽታ ሆስፒታል ገብቶ ዘጠኝ ወር ሲተኛ እንኳ ብዕሩን አላስቀመጠም፤ አሥረኛውን ሲምፎኒ የጀመረው እዚያው አልጋ ላይ ነው። ከደረጃው የተገላገለው በ1976 ሌላ መኖሪያ ሲሰጠው ነው።

ሰባተኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የመራው የኦርኬስትራ መሪው አንታል ዶራቲ ነው፣ ጥቅምት 1968። ፔተርሶን በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ስሙ በአገሩ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሙዚቃው ከታች፣ ከወፍራሞቹ መሣሪያዎች፣ እረፍት እንደ ነሣው ሰው እየተገላበጠ ይነሣል። ይገፋል፣ ይጮኻል። ከዚያ አልፎ ባለ አውታር መሣሪያዎቹ ረጅም ዜማ ያነሣሉ፤ ቀስ ያለ፣ የእናት እንጉርጉሮ የሚመስል። ሰዎች ሙዚቃው ጨለማ ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ አድረው ንጋት ላይ ሕመሙ ጋብ ሲልላቸው ፊታቸው የሚፈታ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ያ ዜማ ያንን ፊት ነው የሚመስለው።

በ1975 የስቶክሆልም ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ይህንኑ ሲምፎኒ ከአሜሪካ ጉዞው ፕሮግራም ሲያወጣው ፔተርሶን ሥራዎቼን እንዳትነኩ ብሎ ከለከላቸው። ብዙዎች ክፉ ሰው አስመስለውታል። እኔ ግን እያንዳንዷን ነጥብ በሕመም የጻፈ ሰው ሥራው ሲገፋ ቢቆጣ እፈርድለታለሁ።

በ1943 እና በ1945 መካከል፣ ገና ሳይታመም፣ በራሱ ግጥም «የባዶ እግር መዝሙሮች» የሚባሉ ሃያ አራት ዘፈኖች ጽፎ ነበር። ትንንሽ፣ ሕፃን የሚያንጎራጉራቸው የሚመስሉ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ሁለተኛውን የቫዮሊን ኮንሰርቶ ሲጽፍ ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱን፣ ጌታ በመስኩ ላይ ይሄዳል የሚለውን፣ መልሶ አመጣው። ቫዮሊኑ ከግዙፉ ኦርኬስትራ ጋር ሲታገል ይቆይና ወደዚያች ዘፈን ይደርሳል። ቫዮሊን ተጫዋቿ አይዳ ሄንደል በጥር 1980 ተጫወተችው፤ ፔተርሶን በዚያው ዓመት ሰኔ 20 ቀን ሞተ።

የምረዳቸው እናት ያንን ኮንሰርቶ ሰምተውት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ነገ ጠዋት ተራዬ እሳቸው ቤት ነው፤ ዲስኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።