ማላሳዳና የዳ ጋማ ወታደሮች

ዛሬ ድብርት ተጫጭኖኛል። ብርዱም አይደለም፣ ሥራም አይደለም፣ እንዲሁ ነው። ልጆቹ ከቫቮ፣ ማለት ከአያታቸው፣ ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። እሳቸው ከፖርቱጋሏ ሳው ሚጌል ደሴት በፖርቱጋልኛ ይጠይቃሉ፣ ትልቋ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ትንሹ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

ማላሳዳ ሲሆን ግን ሌላ ልጅ ነው። ቦምቦሊኖ በሉት፤ ሊጡ በእጅ ይለጠጥና ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በትኩሱ ስኳር ላይ ይገላበጣል። አምና እዚያ የሄድን ጊዜ ይሄ ዝምተኛ ልጅ «አንድ ይጨመርልኝ፣ ስኳሩ በዛ ይበል» የሚለውን በፖርቱጋልኛ አቀላጥፎት ቁጭ! ቫቮ በእንግሊዝኛ ለሚለምን ጆሮ የላቸውማ።

እኛ ያለንበት ማሳቹሴትስ ደግሞ ቋንቋው ብርቅ ሆኖ አይደለም። በ1957 እ.ኤ.አ. የፖርቱጋሏ ፋያል ደሴት ላይ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፣ በዓመቱ አሜሪካ በልዩ ሕግ በር ከፈተች፣ ስንቱ ቤተሰብ ወደዚህ መጣ። ዳቦ ቤቱ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑም አለ። የልጅ ልጆቹ ግን ከሰላምታ አያልፉም።

ይሄን ሳብሰለስል አእምሮዬ እኛው አገር ገባ። በ1541 እ.ኤ.አ. ግራኝ አህመድን ለመውጋት ከአዛዣቸው ከክሪስቶቫው ዳ ጋማ ጋር ምጽዋ የወረዱት 400 ገደማ ፖርቱጋሎች ትዝ አሉኝ። እሱ በዓመቱ ተማርኮ ተገደለ፤ ከተረፉት ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ፣ መሬት ተሰጣቸው፣ የአገር ልጅ አግብተው ወለዱ። ልጆቹስ በምን አወሩ? አባት ዘመቻ ላይ ነው። ቤት ያሉት እናት፣ አክስት፣ አያት ናቸው፣ የሚያባብሉትም የሚቆጡትም በራሳቸው ቋንቋ ነው። አንዱ ወታደር ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ስለ ሊዝበን ሲተርክ፣ ልጁ «አባዬ፣ በአማርኛ ንገረኝ» ሲለው ታየኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ዛሬ ጎንደርን ብታስሱ ፖርቱጋልኛውን ከቤቱ የወረሰ የእነሱ ዘር አታገኙም።

እዚህ ነገሩ ተገልብጦ የፖርቱጋልኛ ዘበኛዋ እኔ ሆኛለሁ። ባለቋንቋው ባለቤቴ ማታ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ከልጆቹ ጋር በእንግሊዝኛ ይቀልዳል። «አታወራቸውም እንዴ?» ስለው «ከነገ ጀምሮ» ይላል። በእንግሊዝኛ።

አማርኛውስ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ተዉኝ። እማዬ ስትደውል «ደህና ነኝ» ይሉና ስልኩን ወደ እኔ ይወረውሩታል። ቦምቦሊኖ መጥበስ ልማር ይሆን?